ሁለት መስመር ኮድ እና 20 ወር፦ የዴቢያን ኦፕንኤስኤስኤል ጉዳይ

አዲስ ሊኑክስ የጀመሩ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ "አፕት ኢንስቶል (የፕሮግራም መጫኛ ትዕዛዙን) ስል የሚመጣው ነገር ማን ሰርቶት ነው? ማንስ አይቶት ነው?" ይሉኛል። እኔ ሁሌ የምነግራቸው በ2008 ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት (ዲስትሮ) ላይ የሆነውን ነው። የቆየ ጉዳይ ነው ግን ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ሶፍትዌር) እንዴት እንደሚታይና እንዴት ቢልድ እንደሚደረግ (ከሶርስ ኮድ ወደሚሰራ ፕሮግራም እንደሚቀየር) ከዚ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም እዚህ ውስጥ ሌባ የለም፣ ሰነፍም የለም። ሁሉም ሰው ማድረግ ያለበትን አድርጎ፣ ጠይቆ፣ ፈርሞ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሜይ 13 ቀን 2008፣ በኛ ግንቦት 5 ቀን 2000 ማለት ነው፣ የሚሊኒየሙ ዓመት ላይ፣ ዴቢያን ዲኤስኤ 1571 የሚባለውን የደህንነት ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሚለው ነገር ባጭሩ፦ በዴቢያን የኦፕንኤስኤስኤል (ብዙ ፕሮግራም ለምስጠራና ለቁልፍ መስሪያ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) ፓኬጅ ውስጥ ያለው የራንደም ቁጥር ማመንጫ ሊገመት የሚችል ነው፣ ስለዚህ በሱ የተሰራ የኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ፣ የኦፕንቪፒኤን ቁልፍ፣ የዲኤንኤስሴክ ቁልፍ፣ የድረገጽ ሰርተፊኬት ቁልፍ ሁሉ እንደተሰረቀ ቁጠሩት። ያገኘው ሉቺያኖ ቤሎ የሚባል ራሱ የዴቢያን ገንቢ የሆነ ሰው ነው። የክፍተቱ መለያ ቁጥር ሲቪኢ 2008-0166 ነው፣ ማንበብ የሚፈልግ በዚህ ይፈልገው።

አሁን ልብ በሉ፣ ችግሩ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ አልነበረም። ኦፕንኤስኤስኤልን ከዋናዎቹ ሰሪዎች አውርዶ በራሱ ቢልድ ያደረገ ሰው ምንም አልነካውም። የተነካው የዴቢያንን ፓኬጅ የጫነ፣ ከዴቢያን የሚወስደውን ኡቡንቱን የጫነ፣ ሌላም ከነሱ የሚቀዳ ዲስትሮ የጫነ ሰው ነው። ስህተቱ የገባው በመሃል፣ ፓኬጅ ሲደረግ ነው።

ይሄ "መሃል" የሚባለው ቦታ ምንድነው የሚለውን ላስረዳ። ዴቢያን ላይ አንድ ሶፍትዌር ፓኬጅ ሲሆን ሜንቴነር የሚባል ሰው ወይም ቡድን ይይዘዋል። ሜንቴነሩ ከዋናዎቹ ሰሪዎች (እነሱን አፕስትሪም ነው የምንላቸው) የወጣውን የሶርስ ኮድ ጥቅል እንዳለ ይወስዳል፣ ከዛ ዴቢያን ላይ እንዲሰራ የሚያስፈልገውን ለውጥ ለብቻው ይጨምራል። በዛን ዘመን በነበረው ፎርማት ይሄ ለውጥ በሙሉ ዲፍ የሚባል አንድ የተጠቀጠቀ ፋይል ውስጥ ነበር የሚገባው፣ የፓኬጁ መመሪያም፣ የመጫኛ ስክሪፕቱም፣ ኮዱ ላይ የተደረገው ለውጥም (ፓች የሚባለው) ሁሉም እዛው አንድ ላይ ተደባልቆ። ከዛ ሜንቴነሩ በጂፒጂ (የዲጂታል ፊርማ ፕሮግራም) ቁልፉ ይፈርምበታል ወደ ዴቢያን የፓኬጅ ማህደርም ይልካል፣ ማህደሩ ፊርማው የታወቀ ሰው መሆኑን ያረጋግጣል፣ ልክ ከሆነ ይቀበላል፣ በቃ።

"ሪቪው የሚያደርግ ሰው የለም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አለ፣ ግን ለአዲስ ፓኬጅ ነው። አንድ ፓኬጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ኒው የሚባል ወረፋ ላይ ይቆምና የማህደሩ ኃላፊዎች በእጃቸው ያዩታል፣ በተለይ ላይሰንሱን፣ ስሙን፣ አወቃቀሩን። አንዴ ከገባ በኋላ ግን የሚመጣው እያንዳንዱ አዲስ ቨርዥን በሰው ዓይን አያልፍም፣ ያለው የሜንቴነሩ ፊርማ ነው። ሊንቲያን የሚባል መፈተሻ አለ፣ እሱም የሚያየው የፓኬጁን ቅርጽ ነው፣ ፋይሉ ቦታው ላይ ነው ወይ፣ መግለጫው ተሟልቷል ወይ የሚል አይነት፣ ኮዱ ምን እንደሚሰራ አያውቅም። በሺዎች የሚቆጠር ፓኬጅ ባለበት እያንዳንዱን ለውጥ ሌላ ሰው ይየው ቢባል ስራው ይቆም ነበር፣ ስለዚህ እምነቱ ሰውየው ላይ ነው የተጣለው። እኔ ይሄን እንደ ድክመት ብቻ አላየውም፣ ዴቢያን የቆመው በዚህ እምነት ነው።

ወደ ነገሩ ስንመጣ፣ በ2006 ኤፕሪል ላይ አንድ ሰው ለዴቢያን የባግ ሪፖርት አስገባ። ቫልግራይንድ የሚባል መሳሪያ አለ፣ ፕሮግራም ሚሞሪውን በትክክል መጠቀሙን የሚከታተል፣ ለሲ ፕሮግራመር ዓይኑ ነው። ኦፕንኤስኤስኤልን የሚጠቀም ማንኛውም ፕሮግራም በቫልግራይንድ ሲሮጥ ማስጠንቀቂያ ይጎርፋል፣ "ያልተሞላ ሚሞሪ እያነበብክ ነው" እያለ። ማስጠንቀቂያው በጣም ከመብዛቱ የተነሳ ሰው የራሱን ፕሮግራም ስህተት መሃሉ ላይ ሊያገኘው አይችልም። ሜንቴነሩ ምንጩን ተከታተለና ራንደም ቁጥር የሚሰራው ፋይል ውስጥ ሁለት መስመር ላይ ደረሰ። ሁለቱ መስመሮች በጽሁፍ አንድ ናቸው፣ ፊደል በፊደል። የሚገኙት ግን ሁለት የተለያየ ፈንክሽን (የራሱ ስራ ያለው የኮድ ክፍል) ውስጥ ነው።

ይሄን በወጥ ቤት ልመስለው። መሃል ላይ ትልቅ ድስት አለ፣ ድስቱ የራንደምነት ማጠራቀሚያው ነው። አንደኛው ፈንክሽን ስራው መጨመር ነው፣ ከሲስተሙ የተሰበሰበ የማይገመት ነገር በሰሃን ተደርጎ ይመጣል እሱም ድስቱ ውስጥ ገልብጦ ያማስላል። ሁለተኛው ስራው ማውጣት ነው፣ ራንደም ቁጥር የፈለገ ፕሮግራም ባዶ ሰሃኑን ይዞ ይመጣል፣ ይቀዳለታል። ታዲያ ኦፕንኤስኤስኤሎች ከመቅዳታቸው በፊት በመጣው ሰሃን ላይ የቀረ ፍርፋሪ ካለ እሱንም ድስቱ ውስጥ ያራግፉት ነበር፣ ከጠቀመ ይጥቀም ካልጠቀመ አይጎዳም በሚል። ቫልግራይንድ የጮኸው በዚህ ነው፣ ሰሃኑ እኮ አልተሞላም ምን ነው የምትገለብጠው እያለ። ይሄኛውን መስመር ብታጠፋው ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ኦፕንኤስኤስኤል ራሱ ለተመሳሳይ መሳሪያ ሲባል በቢልድ ጊዜ የሚዘጋበት መንገድ አዘጋጅቶለት ነበር፣ አጠገቡም ይሄን የሚያስታውስ ኮሜንት አለ። የመጀመሪያው ፈንክሽን ውስጥ ያለው መንትያው ግን የወጡ ዋና ነገር ድስት ውስጥ የሚገባበት ብቸኛ በር ነው። ቫልግራይንድ ሁለቱም ጋ ጠቆመ፣ መስመሩ አንድ ነው፣ ሁለቱም ተዘጉ።

እዚህ ጋ ነው እኔ ሁሌ የምቆመው። ሜንቴነሩ ዝም ብሎ አላጠፋም። በሜይ 2006 መጀመሪያ ላይ የኦፕንኤስኤስኤል ገንቢዎች በሚጻጻፉበት ላይ ጥያቄ ላከ፣ የፋይሉን ስም፣ የመስመሮቹን ቁጥር ጠቅሶ፣ ይሄን ሁለት መስመር ኮሜንት ላደርገው (እንዳይሰራ ላስቀረው) አስቤያለሁ ግን በራንደም ማመንጫው ላይ በትክክል ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፣ ምን ትላላችሁ ብሎ። አለማወቁን በግልጽ ተናግሯል። ከኦፕንኤስኤስኤል ወገን የመጣው መልስ ደግሞ ለዲበጊንግ (ስህተት ለመፈለግ) የሚረዳ ከሆነ ይጥፉ የሚል መንፈስ ያለው አጭር መልስ ነበር። ጠያቂው ፈቃድ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መላሹ ምናልባት የገባው አንድ ሰው በራሱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ለመፈተሽ ለጊዜው የሚያጠፋው ነገር ነው፣ በመላው ዓለም ሰርቨር ላይ የሚጫን ፓኬጅ ውስጥ የሚገባ ነው ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ሁለቱም አንድ ቃል ተጠቅመው ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያወሩት።

በኋላ ነገሩ ሲወጣ ከባድ ጭቅጭቅ ነበር። ከኦፕንኤስኤስኤል ሰዎች አንዱ የሆነው ቤን ሎሪ ዲስትሮዎች የማይገባቸውን ኮድ መንካት የለባቸውም፣ ለውጥ ካላቸው ወደ እኛ ያምጡት ብሎ አጥብቆ ጻፈ። የዴቢያን ወገን ደግሞ ጠይቀን ነበር እኮ አለ። እኔ ሁለቱም ጋ እውነት አለ ነው የምለው፣ ግን ክብደቱ ለኔ እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄው ባጭር መልእክት ነበር የቀረበው እንጂ ለውጡ ራሱ፣ ከዙሪያው ኮድ ጋር፣ እነዚህ ሁለት ፈንክሽኖች ይሄን ይሄን ይሰራሉ ተብሎ ለሚያውቀው ሰው አልተዘረጋም። ፓቹ ወደ ኦፕንኤስኤስኤል ዋና ኮድ እንዲገባ ቀርቦ ቢሆን አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ "ይሄኛው እኮ ዋናው ነው" የማለት ዕድል ነበረው። አንድ ሁለት መስመር ብቻ ሲላክልህ ፋይሉን ከፍተህ የማየት ነገር በስራ ብዛት ይዘለላል፣ ይሄን ስራ የሚሰራ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ባልደረባዬ የላከልኝን ለውጥ ሙሉ ፋይሉን ሳልከፍት "እሺ" ብዬ አውቃለሁ እና ይሄን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 2006፣ እኛ እንቁጣጣሽ ካከበርን በሳምንቱ፣ 0.9.8ሲ-1 የሚባለው ቨርዥን ወደ ዴቢያን አንስቴብል (አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚገባበት ክፍል) ተላከ። ከዚ በኋላ ያለው ጉዞ በሙሉ ማሽን ነው። ያኔ ሜንቴነሩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ቢልድ ያደረገውን ለአንድ አይነት ፕሮሰሰር ከሶርሱ ጋር ይልክ ነበር፣ ለቀሩት አይነቶች ቢልድዲ የሚባሉት የዴቢያን ቢልድ ማሽኖች ሶርሱን ወስደው፣ ንጹህ አካባቢ ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ጭነው፣ ይሰሩታል። ኤች የተባለው ያኔ ይዘጋጅ የነበረው ዴቢያን 11 የፕሮሰሰር አይነት ነበረው፣ በሁሉም ላይ ተሳካ። አንድ ፓኬጅ ከአንስቴብል ወደ ቴስቲንግ (ቀጣዩ እትም የሚዘጋጅበት ክፍል) የሚያልፈው እንደ አስቸኳይነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ቆይቶ፣ በሁሉም ፕሮሰሰር ቢልድ ሆኖ፣ አዲስ ከባድ ባግ ካልተመዘገበበት ነው። ይሄኛው አልተመዘገበበትም። ኤፕሪል 8 ቀን 2007 ኤች ስቴብል (ለሁሉም ተጠቃሚ የሚሆን የተረጋጋ እትም) ተብሎ ወጣ፣ ፓኬጁ ውስጡ አለ። ኡቡንቱ 7.04፣ 7.10፣ እና 8.04 ይዘውት ወጡ። 8.04 ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው ነበር፣ ከወጣ ገና ሶስት ሳምንት ሳይሞላው ነው ማስጠንቀቂያው የመጣው።

ቴስቲንግ ውስጥ ማለፍ ማለት ብዙ ሰው ተጠቅሞበት ማንም አልጮኸም ማለት ነው፣ አብዛኛውን ባግ ይሄ ይይዛል፣ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ሰው ይናገራል። ይሄ ግን አይወድቅም። ኤስኤስኤች ይገባል፣ ድረገጹ ላይ የቁልፍ ምልክቷ ትታያለች፣ ሁሉ ነገር ይሰራል።

ለምን አልታየም ለሚለው እቁብን አስቡት። ዳኛው ከባርኔጣው ውስጥ አንድ ወረቀት ያወጣና ስም ያነባል። እናንተ የምታዩት የወጣውን ስም ነው። ባርኔጣው ውስጥ የሁሉም አባል ስም ይኑር ወይ የሶስት ሰው ብቻ ይኑር አንድ ዕጣ አይታችሁ ልታውቁ አትችሉም። የዴቢያን ኦፕንኤስኤስኤል ባርኔጣ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ፒአይዲ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሳ ሲስተሙ የሚሰጠው ተራ ቁጥር። ይሄ ቁጥር ያኔ ሊኑክስ ላይ በተለመደው አቀማመጥ እስከ 32,767 ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ለአንድ አይነት ፕሮሰሰር፣ ለአንድ አይነት ቁልፍ፣ ለአንድ መጠን፣ በመላው ዓለም ሊወጡ የሚችሉት የኤስኤስኤች ቁልፎች 32,767 ብቻ ነበሩ። 2048 ቢት አርኤስኤ ስትል ብዛቱ ለመጥራት ስም የማይገኝለት መሆን ሲገባው። የሚወጣው ቁጥር ደግሞ በሃሽ (ቁጥርን በሚያዘበራርቅ ስሌት) ውስጥ ስለሚያልፍ ለብቻው ሲታይ የተዘበራረቀ ነው፣ በቁጥር ምርመራ ብትፈትሸው ጥሩ ራንደም ይመስላል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሁለት አገር ቁልፍ ሰርተው ፒአይዲያቸው ከገጠመ አንድ አይነት ቁልፍ ይይዛሉ፣ አንዱ የሌላውን ሰርቨር መክፈት ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ፓኬጁን ማደስ የስራው ትንሹ ክፍል ነበር። ለኤች 0.9.8ሲ-4ኤች3፣ ለአንስቴብል 0.9.8ጂ-9 ወጣ፣ አፕግሬድ ታደርጋለህ አለቀ። ቁልፉ ግን አፕግሬድ አይደረግም። ቁልፍ ከተሰራበት ማሽን ወጥቶ ይሄዳል፣ ኦቶራይዝድ ኪስ (ሰርቨሩ እንዲገቡ የሚፈቅድላቸው ቁልፎች የተዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ይቀመጣል፣ ዴቢያን ነክቶ የማያውቅ ሰርቨር ላይ ሳይቀር፣ ምክንያቱም አንድ ሰው በኡቡንቱ ላፕቶፑ ሰርቶ እዛ ጭኖታል። ስለዚህ ዴቢያን ደካማ ቁልፎችን የሚለይ ኤስኤስኤች-ቨልንኪ የሚባል መፈተሻ እና የተከለከሉ ቁልፎች ዝርዝር የያዘ ፓኬጅ ጨምሮ አወጣ፣ የኤስኤስኤች ሰርቨሩም በዝርዝሩ ያለን ቁልፍ እንዳይቀበል ተደረገ። የዴቢያን የራሱ ማሽኖች ላይም በቁልፍ መግባት ለጊዜው ተዘጋ። ከሁሉ የከፋው የዲኤስኤ ቁልፍ ነው (ይሄ ዲኤስኤ የቁልፍ አይነት ነው፣ ከማስጠንቀቂያው ስም ጋር አይገናኝም)፣ እሱ ሲሰራ ብቻ አይደለም በፈረመ ቁጥር ራንደም ቁጥር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጥሩ ቦታ የተሰራ ጤነኛ የዲኤስኤ ቁልፍ ራሱ በተበላሸ ዴቢያን ላይ አንዴ ከተፈረመበት እንደተጋለጠ ይቆጠራል። በጂኤንዩፒጂ (ጂፒጂ ያልነው ነው) እና ጂኤንዩቲኤልኤስ በሚባለው ሌላ የምስጠራ ላይብረሪ የተሰሩት ቁልፎች ተርፈዋል፣ የራሳቸው ማመንጫ ስላላቸው። ይሄም ለኛ ሰፊ ዕድል ነበር ምክንያቱም የዴቢያን ፓኬጆች የሚፈረሙት በጂፒጂ ነው፣ እሱ ቢሆን ኖሮ የማህደሩ ፊርማ ራሱ ይናጋ ነበር።

በቀናት ውስጥ ሜታስፕሎይት የሚባለው የደህንነት ክፍተት መሞከሪያ መስራች ኤችዲ ሙር በኤክስ86 (በተለመደው የፒሲ ፕሮሰሰር አይነት) ላይ ሊወጡ የሚችሉትን የ1024 ቢት ዲኤስኤ እና የ2048 ቢት አርኤስኤ ቁልፎች በ31 የዚኦን ፕሮሰሰር ኮር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰርቶ ለሁሉም አወጣው። ከዛ በኋላ ቁልፍ መስበር መባሉ ቀረ፣ ዝርዝር አውርዶ መሞከር ነው።

አሁን ምን ተቀየረ ለሚለው፣ የተቀየረ አለ። ሁሉም ለውጥ አንድ ዲፍ ውስጥ የሚደባለቅበት ፎርማት ቀስ በቀስ በ3.0 ኩዊልት ተተካ፣ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ፓች የራሱ ፋይል ነው፣ ስም አለው፣ ከውጭ ያለ ሰው ከፍቶ "ዴቢያን ይሄን ሶፍትዌር ምን አድርጎታል" ብሎ ማንበብ ይችላል። ዴፕ-3 የሚባለው ስምምነት ደግሞ በየፓቹ ራስጌ ላይ ከየት መጣ፣ ለምን፣ ለአፕስትሪም ተልኳል ወይ የሚለውን መጻፊያ ቦታ ሰጠ። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ለኔ ከሁሉ ትበልጣለች፣ "አልተላከም" ብሎ መጻፍ ራሱ ለሚያነበው ሰው እዚህ ጋ ቆም በል ይለዋል። ከ2019 ጀምሮም ሜንቴነር በራሱ ላፕቶፕ ቢልድ ያደረገው ፓኬጅ ወደ ቴስቲንግ አያልፍም፣ ቢልድዲ የሰራው ብቻ ነው የሚያልፈው። አውቶፒኬጅቴስት የሚባሉት ፈተናዎችም ከወደቁ ፓኬጁን ያስቆሙታል።

ብዙ ሰው ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር ያምታታል፣ ሪፕሮዲዩሲብል ቢልድ ይሄን ይይዘው ነበር ይላል። አይዝም። ሪፕሮዲዩሲብል ቢልድ የሚያረጋግጠው ባይነሪው (ቢልድ ተደርጎ የወጣው ፕሮግራም) በእርግጥ ከዚህ ሶርስ የወጣ መሆኑን ነው፣ በጣም የምወደው ስራ ነው፣ ግን እዚህ ሶርሱ ራሱ ነው የተሳሳተው፣ መቶ ጊዜ ቢልድ ብታደርገው መቶ ጊዜ አንድ አይነት ስህተት ይሰጥሃል። ሊይዘው የሚችል ፈተና ሌላ አይነት ነው፣ ቁልፍ ሰርቶ "ጥሩ ይመስላል ወይ" የሚል ሳይሆን፣ በመቶ ሺ የሚቆጠር ቁልፍ ከአንድ ማሽን አይነት ላይ ሰርቶ የተደገመ አለ ወይ ብሎ የሚቆጥር። ባርኔጣውን ገልብጦ ወረቀቱን መቁጠር ማለት ነው። ከሰላሳ ሁለት ሺ በላይ ስትደርስ መደገሙ ግዴታ ነው፣ ከዛ በፊትም በጥቂት መቶዎች ውስጥ ፒአይዲው የተበታተነ ከሆነ ሁለት የሚገጥሙ ይወጣሉ። ይሄን ፈተና ያኔ የጻፈው ሰው አልነበረም፣ ራንደም ማመንጫ አንድ ቀን ባዶ ድስት ያማስላል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ።

ጉዳዩ ደግሞ በ2008 አላለቀም። ማስጠንቀቂያው ከወጣ በኋላ የድረገጽ ሰርቨሮችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት መጀመሪያ ላይ ደካማ ቁልፍ ይዘው ካገኟቸው ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ግማሽ ዓመት ገደማ ቆይቶም አልቀየሩም ነበር። በ2015 ደግሞ አንድ ሰው ጊትሀብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረገጽ) ላይ ያሉ የተጠቃሚዎችን ይፋ የኤስኤስኤች ቁልፎች ሰብስቦ ሲፈትሽ ከዚሁ ከዴቢያን ዝርዝር ውስጥ ያሉ ቁልፎች አገኘ፣ ጊትሀብም ሰረዛቸው። ፓኬጁ ከታረመ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ማሽኑ ተጥሏል፣ ቁልፏ ግን ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ስትገለበጥ ኖራለች። እናንተም ቤት ከ2006 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በዴቢያን ወይ በኡቡንቱ የተሰራ አሮጌ ቁልፍ የሆነ ሰርቨር ኦቶራይዝድ ኪስ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።